አታሚው የቀረጸው ወሬ

አታሚው ዕድሜውን የፈጀው በማተሚያ ቤት ከትልቁ ማሽን ጎን ቆሞ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሠራተኞቹም የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነበር። እሱ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንዲት ብሎን ስትላላ ይሰማዋል። ጓደኞቹ «ባለጆሮው» ብለው ሰየሙት፤ በዚህ ቅጽል ስም እንደሚኮራው በትውልድ ስሙ እንኳ ኮርቶ አያውቅም።

ሌላው ጠባዩ ሰው አለማመኑ ነው። ሚዛን ካላየ ሥጋ አይገዛም፤ ሐኪም መድኃኒት ቢያዝለት ከሁለተኛ ሐኪም ካላረጋገጠ አይውጥም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ባሰበት። የዘመኑ ሰው ሁሉ ሆን ብሎ እየተንሾካሾከ የሚያወራ ይመስለዋል። «አፋችሁን ከፍታችሁ ብታወሩ ምን ትሆናላችሁ?» እያለ ሚስቱንና ሴት ልጁን ይነዘንዛል።

ከወጣትነቱ ጀምሮ ጊታር ይጫወታል። ግጥም የሌላቸው፣ ከራሱ ጭንቅላት የወጡ ዜማዎች አሉት። አንድ ቀን እየተጫወተ ሳለ «እነዚህ ዜማዎች እኮ ከእኔ ጋር አፈር ሊገቡ ነው» የሚል ሐሳብ ድንገት መጣበትና ሊቀርጻቸው ቆረጠ። ስቱዲዮ መሄድ ግን አልፈለገም። «ዜማዬን ሰምተው በሌላ ዘፋኝ ስም ያወጡታል» አለ። ስለዚህ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቅ ርካሽ ማይክሮፎን ገዛና ከልጁ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ያደረገው ሳሎን ውስጥ ነበር። ሲያዳምጠው ጊታሩ በርሜል ውስጥ የወደቀ ይመስላል። ከስሩ ፍሪጁ እም... ይላል፤ ከአጥር ማዶም የሚስቱ ወንድም፣ አናጢው፣ እንጨት ይሰነጥቃል። በማግስቱ ማይክሮፎኑን በፌስታል ይዞ ወደ ሱቁ ገሰገሰ።

«አሮጌ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ!»

ሻጩ ማይኩን ሰካና «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሞከረው። «አባቴ፣ ዕቃው ምንም አልሆነ። የት አድርገው ነው የቀረጹት?»

«ሳሎን። ከጊታሩ አፍ አስጠግቼ።»

«ታዲያ ከአፉ ሥር ሲደቅኑት ያጓራል እንጂ ምን ይሁን? የጊታሩ አንገት ከሆዱ ወደሚገናኝበት ያዙሩት፤ ክንድ ያህልም ያርቁት። ሳሎኑን ይተዉና መኝታ ቤት ይግቡ። አልጋና ልብስ ያለበት ክፍል ድምፅ ይውጣል፤ ባዶ ግድግዳ ግን መልሶ ይተፋዋል። ፍሪጁንም ለጊዜው ይንቀሉት። ይሄ ማይክ ርካሽ ይሁን እንጂ የፈለጉትንም ያልፈለጉትንም ነው የሚለቅመው።»

አታሚው ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠው። ሌባ ምክር ሲያበዛ አይወድም። ቢሆንም እንደተባለው አደረገ። የቁምሳጥኑን በሮች ወለል አድርጎ ከፈተ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ ማይኩን በተሰበረ ቬንትሌተር ዘንግ ላይ በፕላስተር አሰረና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አናጢው ምሳ ሊበላ መጋዙን ሲያስቀምጥ ጠብቆ ተጫወተ።

የበርሜሉ ድምፅ ጠፋ፤ የፍሪጁም ጉርምርምታ ጠፋ። ግን ክሩ አያበራም፤ የጥፍሩ ጭረት የለም፤ ሁሉም ነገር በጥጥ የተጠቀለለ ይመስላል። «ይኸው፤ ዕቃው ውስጡ የሞተ ነው ብዬ አልነበር?» አለ ለራሱ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ቀጭኑ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚልበትን ቁልፍ አሳይታው ስለነበር እሱን ትንሽ ከፍ አደረገ። አሁንም አልበቃውም። ጨመረ፤ ጨመረ፤ ጫፍ ሲደርስ ጊታሩ ጊታር ሆነ። ደስ ብሎት ቤተሰቡን ጠራ።

ሚስቱ ገና በመጀመሪያው ምት ከንፈሯን ነከሰች። ልጁ ስልኳን ታገላብጥ ጀመር። አናጢው «ጎበዝ ነዎት፣ ጋሼ» አለና ሙጫ ምድጃ ላይ ጥጄ መጣሁ ብሎ ሹልክ አለ። ዜማው እንኳ ገና አላለቀም።

«ምነው ዝም አላችሁ?»

«ጥሩ ነው» አለች ሚስቱ ዓይኑን ሳታይ።

ይህች አጭር «ጥሩ ነው» ልቡ ውስጥ ገብታ ተሰነቀረች። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ቀረጻውን በከፈተ ቁጥር ሚስቱ ጓዳ ትገባለች ወይም ልብስ ልታሰጣ ትወጣለች። ልጁ ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ወጥ ቤት ገብተው ይነጋገራሉ፤ እሱ ብቅ ሲል ወሬው ቀጥ ይላል። አናጢውም አንዳንዴ ከእነሱ ጋር አይጠፋም። «ከኔ የሚደበቅ ምን ነገር አላቸው?» የሚለው ጥያቄ ምግብ አላስበላው አለ።

አንድ ቅዳሜ ማይኩን ወደ ወጥ ቤቱ በር አዞረ፣ ቀረጻውን አስጀመረ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን አጠፋ። «ክር ልገዛ ነው» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወጣ። ሚስቱን እየሰለለ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ተመልሶ በሩን ዘጋና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ። ድስት ይንኳኳል። ልጁ ታወራለች፤ ቃሉ ግን ጫፍ ጫፉ የተቆረጠ ነው፤ ድምፅ አለ፣ ፊደል የለም። ደግሞ ደጋግሞ ሰማ። በመጨረሻ የአናጢው ወፍራም ድምፅ መጣ። አንዷን ዐረፍተ ነገር ያዛት፦

«ጓሮውን ይካፈል በሉት።»

ከዚያ ሚስቱ፦ «እኔ አልነግረውም፤ ይቆጣል።»

አታሚው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ። አናጢው ከአንድ ዓመት በፊት «ጋሼ፣ ጓሮዎ ላይ እንጨት ብደረድር ምን ይልዎታል?» ብሎ ጠይቆት እምቢ ብሎታል። ለካ ነገሩ አልተረሳም! ለካ ሚስቱም ልጁም ገብተውበታል!

የቤቱን ካርታ ከመሳቢያ አውጥቶ የጊታሩ ሳጥን ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ሸሸገው። አናጢው አጥሩ አጠገብ በሜትር ጣውላ ሲለካ ሲያይ «መሬቴን እየለካ ነው» ብሎ መስኮት ላይ ተገትሮ ዋለ። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ብትለው «አንቺ ታውቂያለሽ» አላት። እሷም የምታውቀው ነገር ስላልነበራት ግራ ገብቷት ተወችው።

እሁድ ምሳ ላይ ሁሉም ተሰብስበው ሳለ መታገሥ አቃተው። ኮምፒውተሩን አምጥቶ ሳህኖቹ መሀል አስቀመጠው።

«ቤቴን ለመቁረስ የተማከራችሁትን እንስማ ካላችሁ፣ ይኸውላችሁ!»

ቀረጻው ተሰማ። መጀመሪያ የገባት ሚስቱ ናት፤ የገባት ግን ጓሮው አልነበረም።

«ወጥ ቤቴ ላይ ማይክ ደቅነህ ሄድክ? እኔን?» አለች። ድምፏ አልጮኸም፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነው።

ልጁ እጇን ጣልቃ ዘረጋች። «ቆይ እማ። አባዬ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?»

«ደንቆሮ አይደለሁም! ጓሮውን ይካፈል ነው የሚለው!»

አናጢውን ውሃ ትን አለው። ስቆ አይደለም፤ ደንግጦ ነው። «ጋሼ፣ በሞቴ... ጆሮውን ይታከም ነው ያልኩት። ያ ቀረጻዎ እኮ ጥርስ ያፋጫል። ሚስማር በመስታወት ላይ ሲጎተት ነው የሚመስለው። ቀጭኑ ድምፅ አይሰማዎትም መሰለኝ፤ ማን ይንገርዎት ብለን ተጨነቅን።»

አታሚው አንድ በአንድ አያቸው። ሦስቱም አንድ ነገር ይላሉ። ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲል ደግሞ ተመካክሮ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወጣ።

ማንን ይጠይቅ? ጎረቤት የሚስቱ ወዳጅ ነው፤ የጥንት ባልደረባው ከአናጢው ጋር ይጠጣል። ከእሱ ቤት ጉዳይ ጋር ምንም ንክኪ የሌለው አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለው፤ አሮጌ ዕቃ ሸጥክልኝ ብሎ የተጣላው የማይክ ሻጭ።

ሻጩ ሲያየው «አሁንም ተበላሸ?» አለ።

«አልተበላሸም። ይህን ስማና የሰማኸውን ንገረኝ። እኔ ምንም አልነግርህም።»

ሻጩ ማዳመጫውን አደረገ። አንዴ ብቻ ሰማና አወለቀው። «ጆሮውን ይታከም በሉት ይላል። ማነው ጆሮውን ያመመው?»

አታሚው የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። የሰማውን ሳይሆን ያልሰማውን ያሰላስል ጀመር። የበር ደወል፣ ልጁ ደጋግማ «አባዬ» ስትለው፣ ጠዋት ጠዋት ድሮ ይሰማቸው የነበሩት ወፎች... ወፎቹ ሰፈሩን ለቀው የሄዱ መስሎት ነበር። ሻጩ ብርጭቆ ውሃ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠለትና ምንም ሳይጠይቅ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጆሮ የምትመረምረው ባለሙያ ማዳመጫ አድርጋለት «ድምፅ ሲሰማዎት እጅዎን ያንሱ» አለችው። ወፍራሙን ሁሉ ሰማ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ መሣሪያው የጠፋ መስሎት ቀና ሲል እሷ አሁንም ቁልፍ እየተጫነች ነው። ያን ጊዜ አመነ። «ጆሮዎን የማሽን ጩኸት በልቶታል» አለችው። ከሁለተኛ ሐኪም ሳያረጋግጥ የተቀበለው ይህን ብቻ ነው።

ያዘዘችለትን የመስሚያ መሣሪያ ጆሮው ላይ ካደረገ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ያንን የሚኮራበትን ቀረጻ መክፈት ነበር። ክሮቹ ሲፋጩ ፊቱ ተጨማደደ፤ ዜማው ሳያልቅ አጠፋው። ወደ አጥሩ ሄዶ አናጢውን ጠራና «ያን ሁሉ ተቀምጠህ ሰማህ?» አለው። አናጢው «ግማሹን» አለ። ተሳሳቁ። ጓሮውን ግን ያን ዕለት አልሰጠውም።

ሚስቱ ቶሎ አልታረቀችውም። «ጆሮህ አታልሎህ ብትጠረጥረኝ እሺ፤ የሰለልከኝ ግን በጆሮህ ምክንያት አይደለም» አለችው። ይቅርታ ጠየቃት፤ ተቀበለችው፤ ግን ማይኩ ባለበት ክፍል ስትገባ ድምፅ አታወጣም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ዜማዎቹን እንደ አዲስ ሊቀርጽ ተነሳ። የመስሚያ መሣሪያውም ቢሆን የጊታርን ድምፅ ትንሽ ያዛባዋልና ሌላ ጆሮ ያስፈልገው ነበር። ሚስቱን ለመጠየቅ ሳምንት ፈጀበት። እሷም ብዙ ካሰበች በኋላ «የማይኩን ገመድ የምሰካውም የምነቅለውም እኔ ነኝ» አለች።

እንዲህ ተስማሙ። እሷ ማዳመጫውን አድርጋ ቁምሳጥኑ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እሱ ማይኩን ያንቀሳቅሳል። «ትንሽ ራቅ... አሁን ጥፍርህ በዛ... እዚያ ጋ!» ትለዋለች። ቀጭኑን ድምፅ ማንም አልነካውም። አንዱ ዜማ መሀል ላይ ክር ስቶ ሲሳደብ አብሮ ተቀረጸ፤ እሷም እንዲጠፋ አልፈቀደችም።

ሥራው ሲያበቃ ገመዱን ነቅላ፣ ጠቅልላ፣ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ትከታለች። «አላመንሽኝም ማለት ነው?» አላት አንድ ቀን።

«ገና ነኝ» አለችው፤ ምሳ ልታቀርብም ወጣች።