የሙሪየል ክብ ቱቦ

ሌስተር በቴሌቪዥኑ ቱቦ ላይ ሁለተኛውን ባልዲ ሙቅ ውሃ ሲያፈስ መስታወቱ «ቷ!» አለ። ከስንጥቁ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ ውስጡ አየር ከሌለ ብቻ ወደሚሠራው ቱቦ አየር እየገባ ነበር። ፉጨቱ ሲያበቃ ስልሳ ዓመት የኖረው የምስል ቱቦ ተራ ጠርሙስ ሆኖ ቀረ።

ጥፋቱ የራሱ ነው። በድሮ የቀለም ቴሌቪዥን ቱቦ ፊት ላይ የተለጠፈው መከላከያ መስታወት ማጣበቂያው ሲያረጅ እንደ ዓይን ሞራ ይነጣል። ያንን የሚገፍ ሰው ቱቦውን ቀስ በቀስ ያሞቅና በዓሣ ማጥመጃ ክር ማጣበቂያውን ይቆርጣል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሌስተር ይህን ለሃምሳ ሰው አስተምሯል። ዛሬ ግን ቸኮለ፤ ቀኑ ሐሙስ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ባለቤት ሙሪየል ቅዳሜ ቤቷን ለቃ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ትገባለች።

ቴሌቪዥኑ እሷና ሌስተር በማሪዮን ከተማ የምስል ቱቦ ፋብሪካ አብረው ሲሠሩ በመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ የገዛችው ነው። «ሳልወጣ እዚሁ ሳሎኔ በርቶ ልየው፤ ሌላ አልጠይቅህም» ብላዋለች።

በአካባቢው የቀረው ደህና ክብ ቱቦ አንድ ነው። እሱም ቬርን ኦቨርማየር በየዓመቱ የድሮ ቴሌቪዥን ሰብሳቢዎችን ውድድር በሚያሸንፍበት ቴሌቪዥን ውስጥ ነው። ቬርን ደህና ቴሌቪዥን እየፈታ ዕቃውን ስለሚወስድ ሌስተር ሰው ፊት «ባለልኳንዳ» ብሎታል። ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም።

ደወለ።

«ቬርን፣ ሌስተር ነኝ።»

«ምን ሰበርክ?»

«የሙሪየልን ቱቦ።»

«በሙቅ ውሃ?»

«በሙቅ ውሃ።»

ቬርን እስኪያስለው ሳቀ። «መምህሩ! ስንት ጊዜ ነው ‹ቀስ› ያልከኝ?»

«ሌላ ቱቦ ያለው ሰው ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አላውቅም» አለና ዘጋው።

ዓርብ ጠዋት የቬርን ፒክአፕ ሙሪየል ደጅ ቆመ። ቱቦው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በቀበቶ ታስሮ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። ሌስተር ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ።

«የራስህን?»

«ባለልኳንዳ መፍታት አያቅተውም። ና ያዝ! በአንገቱ እንዳትይዘው።»

«በአንገት እንደማይያዝ አውቃለሁ።»

«ትናንትም ታውቅ ነበር።»

ገጥመው ሲያበሩት ቀትር ሆነ። ሙሪየል በፋብሪካው ቀለም መርማሪ ነበረች፤ ከሶፋዋ ሳትነሳ ታዝዛቸው ጀመር።

«ቀዩ መስመር ወደ ግራ ወጥቷል። አንተ ሌስተር፣ ያንተ ግራ አይደለም፣ የእኔ ግራ!»

ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው መስመር ተደራርበው አንድ ነጭ መስመር ሆኑ። ስክሪኑ ላይ የቤዝቦል ሜዳ ወጣ።

«ሣሩ ሣር መሰለ» አለች።

ወጥ ቤት ውስጥ ሌስተር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቬርን፣ ያን ጊዜ ሰው ፊት ያልኩህን... ልክ አልነበርኩም። አመሰግንሃለሁ።»

«ሳንድዊችህን ብላ» አለ ቬርን።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሙሪየል ወደ አረጋውያኑ መኖሪያ ገባች። ቴሌቪዥኑም ከነቬርን ቱቦ አብሯት ሄደ፤ ለመሸከም አራት ሰው አስፈልጓል።