ጉም ውስጥ የሚያነክስ

በፍልሰታ ሰሞን ነው። አባቴ ከኪዳን ተመልሰው፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በር ላይ እንደቆሙ፣ «ከፊቴ የሚሄደው ነገር እግሩ ሦስት ነው» አሉኝ።

«ውሻችን ናት እኮ፣ አባዬ።»

«የውሻችን እግር አራት ነበር። እኔ የምሰማው ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ዱብ። ጠብ፣ ጠብ፣ ዱብ።» በመቋሚያቸው ደፉን እየመቱ አሰሙኝ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቤታችን ደብረ ማርቆስ ዳር ነው። ከእኛ ደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ በድንጋይ ካብና በባሕር ዛፍ መካከል ይወርዳል። ገመድ አይዙም ነበር። ውሻዋ ከፊት ትሄዳለች፣ እሳቸው ኮቴዋን እየሰሙ ይከተላሉ። ቅጥሩ ውስጥ መግባት እንደማይፈቀድላት ስለምታውቅ በሩ ጋ ስትደርስ ተኝታ ትጠብቃቸዋለች።

ያመጣት ወንድሜ ነው፤ ደጀን ላይ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ግቢ። እናቷ የፈረንጅ ዘር ያለባት ትልቅ ውሻ ናት ብሎናል። እጄ የገባችው ልክ ሁዳዴ ሲያዝ ነበር። ላማችን ትታለባለች፣ ወተቱን የሚጠጣ ግን የለም። ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፤ አሬራው ይተርፋል። እዚህ አገር ሰው ሲጾም ውሻ ይሰባል። የጎረቤቱ አሬራ ሳይቀር በጣሳ እየመጣ ይገለበጥላት ነበር፤ ስታድግ ማየት ደስ ይል ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ቡችላነቷ ቀርቶ ጥጃ አክላለች። ሁሉም «እንዴት ያለች ውሻ ናት!» ይለኝ ነበር፤ እኔም እኮራ ነበር።

ሐምሌ ላይ መጀመሪያ የለወጠችው አነሳሷን ነው። የፊት እግሮቿን ትተክልና ኋላዋን እንደ ሰው ዕቃ ትጎትተዋለች። ስትሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ታነሳለች። አባቴ አንድ እግር ያሉት ይህንን ነው። ከዚያ ደረቷ እየሰፋ፣ ዳሌዋ እየሟሸሸ ሄደ። አንድ ማለዳ ከጓሮ ስመለስ ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ቆሞ አየሁ። ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ፣ አንገቱ ወፍራም። የያዝኩት ማሰሮ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ጅብ ነው ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ጅቡ ጅራቱን ወዘወዘልኝ።

ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ወፍጮ ቤት ዘበኛ የሆነው አብሮ አደጌ ጎረቤታችን፣ አባቴ ለኪዳን ሲወርዱ እሱ ከሥራ ይመለሳል። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራኝ።

«እታለም፣ ጅብ ማርባት ጀመርሽ አሉ?»

«ማን አለ?»

«ጠላ ቤቱ ሁሉ። የኔታን ጅብ እየመራ ለኪዳን ያደርሳቸዋል ይባላል። ንስሐ አባት ሊይዝ ነው መሰል።»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ስሚኝ። ጅብ ጥላውን ጥሎባት ነው። የጅብ ጥላ ያረፈበት ውሻ መጀመሪያ ድምፁ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ወገቡ ይሄዳል፣ በመጨረሻ መልኩም የራሱ አይሆንም። ሰሞኑን ስትጮህ ሰምተሻታል?»

አሰብኩ። አልሰማኋትም።

«መድኃኒቱ መተኮስ ነው። ማጭድ አግዬ ዳሌዋ ላይ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ሳብ ሳብ ማድረግ። በሬዬን ያስነሳሁት በዚሁ ነው። እምቢ ካልሽ ግን እወቂው፤ ጉም ውስጥ ካገኘኋት መጀመሪያ እመታለሁ፣ ውሻ ትሁን ጅብ ኋላ አየዋለሁ።»

«አባዬ ከኋላዋ ናቸው እኮ!»

«ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው!»

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው፤ በማታ። ከዚያ ወዲህ ያላጣራሁትን አምኖ መተኛት አይሆንልኝም። ሲነጋ ባጃጅ ይዤ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ጊደር ይዞ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ፣ «ደግሞ ውሻ ተራ ይይዛል?» አለ። ከኋላው በቅሎ የያዘው፣ «ቀንድ የላትም እንጂ ካንተዋ ጊደር ትከብዳለች» አለው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ውሻዋን በጎኗ አስተኝታ አንድ እጇን ዳሌዋ ላይ አሳረፈች፣ በሌላው ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ውጭ ከፈተችው። ከቆዳው ስር «ቋ» የሚል ድምፅ ወጣ። የበር መወርወሪያ ወደ ቦታው ሲገባ እንደሚያሰማው። ውሻዋ አልጮኸችም፤ ዐይኔን ዐይኔን ብቻ አየችኝ።

«ለምንድን ነው ድምፅ የማታሰማው?»

«የቆየ ሕመም ዝም ያሰኛል» አለች። «እይው፣ እትዬ። የጭኗ አጥንት ራስ ክብ ነው። ዳሌዋ እንደ ስኒ ጎድጉዶ ሊይዘው ይገባ ነበር። የሷ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ለጥ ያለ ነው፤ አጥንቱ ይንሸራተታል። ከዘር ይመጣል። ቡችላ ሆና ቶሎ ከወፈረች ደግሞ ይብስባታል። ምን ትመግቧት ነበር?»

«አሬራ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቋን ዋጠች። «ሁዳዴ ላይ?»

«ሁዳዴ ላይ።»

«እንዲህ ሆነው እዚህ የሚመጡት ትልልቅ ውሾች ሁሉ የሁዳዴ ልጆች ናቸው።»

ማጭዱን ጠየቅኳት። «ቆዳዋን ያቃጥላል እንጂ አጥንቱ ጋ አይደርስም። ሕመም ላይ ሕመም ነው» አለች። ያዘዘችው ይህን ነው። አሬራው ይቁም፣ ምግቧ ይቀነስ፣ የጎን አጥንቷ በእጅ እስኪዳሰስ ትክሳ። እስከ መስቀል ትታሰር፤ ለጥ ባለ መሬት ላይ በገመድ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ትሂድ። ዳገት፣ ዝላይ፣ የሚያንሸራትት ሲሚንቶ አይሆንም። መኝታዋ ደረቅና ሙቅ ይሁን። ለሕመሟ የሚዋጥ ሰጠችኝ፤ «የሰው ማስታገሻ ግን እንዳትነኪ፤ ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጨርሰዋል።»

«ትድናለች?»

«መገጣጠሚያው አዲስ አይሆንም። ግን ከስታ ጡንቻዋ ከጠነከረ ሳያማት ልትሄድ ትችላለች። ካልተሻላት አዲስ አበባ ወስደሽ ራጅ ትነሳለች፤ የአጥንቱን ራስ በቀዶ ሕክምና የሚያወጡ አሉ። መጀመሪያ ይሄን እንሞክር።»

ምድጃው አጠገብ ጆንያ ላይ ጆንያ ደርቤ አነጠፍኩላት፣ ከምሰሶው ጋ አሰርኳት። ለጎረቤቴም አስሬያታለሁ ብዬ ነገርኩት። ከባዱ ለአባቴ መንገሩ ነበር።

«እኔ እመራዎታለሁ» አልኩ።

«አንቺ ስትመሪኝ ዕውር ነኝ። ከውሻዬ ኋላ ስሄድ ግን ውሻውን ይዞ የወጣ ሰው ነኝ።»

ቢሆንም እጄን ይዘው ወረዱ።

አንድ ማለዳ ስነቃ መኝታቸው ባዶ ነው። መቋሚያው የለም፣ የአጥሩ በር ተከፍቷል። ጉሙ ከካቡ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ውጦታል፤ ካፊያ ይወርዳል። ቁልቁል ስሮጥ ጎረቤቴን አገኘሁት። ዱላውን እንደጨበጠ ነው።

«አስሬያታለሁ አላልሽኝም?»

«አስሬያታለሁ!»

«አሁን፣ በዚህ ዐይኔ፣ ከየኔታ ፊት ስትሄድ አይቻታለሁ! ዱላ አነሳሁ። የኔታ ‹ማነህ?› ሲሉ እጄ ወረደ። እስከ በሩ አድርሳቸው ወደ ባሕር ዛፉ ገባች። እሳቸው ገብተዋል፣ ደህና ናቸው። እሷ ግን ዛሬ አለቀላት፤ ቤትሽ እጠብቃታለሁ።»

ቀድሞኝ ሄደ። ስደርስ ደፉ ላይ ቆሟል። ውሻዋ ጆንያዋ ላይ ተኝታለች፣ ገመዱ እንደተቋጠረ ነው። የእሱ ካፖርት ይንጠባጠባል። ገብቶ ተንበረከከና ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ የእግሮቿን መዳፍ ዳሰሰ። ደረቅ ነበሩ፤ የምድጃው ሙቀት አለባቸው። እጁን ላሰችው።

«እንግዲህ ያቺ...» አለና አልጨረሰውም። አማተበ።

አብረን ወርደን በሩ ጋ ያለውን ጭቃ አየን። የፊቱ ዳና ሰፊና ጥልቅ ነው፣ የኋላው ትንሽ። ዳሌዋ የታመመ ውሻ ክብደቷን ወደ ፊት እንደምትጥል ሐኪሟ ነግራኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ ጅብም እንደዚያው ነው አለ። የትኛው እንደሆነ ከጭቃው ማንበብ አልቻልኩም። አጣርቼ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የእኛዋ ደረቅ ነበረች።

አባቴ ከኪዳን ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ተሽሏታል ለካ! ለምን ደበቅሽኝ?»

ጎረቤቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ትንሽ ተሽሏታል፣ አባዬ» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ስለ ማጭድ አልተነሳም። ጎረቤቴ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ደጃችን ላይ ይጠብቅና መንገዴ ነው እያለ ከአባቴ ፊት ይወርዳል። መንገዱ አልነበረም።

«ይሄኛውስ ስንት እግር ነው?» ይሉታል።

«ሁለት ነኝ፣ የኔታ። ከነዱላዬ ሦስት።»

መስቀል ሲደርስ የጎን አጥንቷ በእጄ ይዳሰስ ነበር፤ አነሳሷም ቀልሏል። ሐኪሟ አይታ ቀስ ብላ ትውረድ አለች። ቃጭል ላስርላት ብል አባቴ የቤተ ክርስቲያን ነው ብለው እምቢ አሉ፤ የድልህ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ጨምሬ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩ። ሲመለሱ ጣሳውን ከሩቅ ሰማሁት።

«ዛሬ የራሳችን ናት» አሉ ሲቀመጡ።

እጄ ሥራ ላይ ቆመ። «ያን ዕለትስ?»

«መጀመሪያ እሷ መስላኝ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ በሩ ጋ ስደርስ አልተኛም። ቆሞ ሲተነፍስ ሰማሁት። እኔ እስክገባ ቆየ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ።» ነጠላቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ለእሷ የተከለከለው አሬራ ተርፎ እንደሆነ ከአጥሩ ውጭ አስቀምጪለት።»

አስቀመጥኩ። ጠዋት የአሬራው ጣሳ ባዶ ነበር። ጎረቤቶቻችን ድመት አላቸው።