በኖራ የተጻፈ ፊደል

ከጎጃም ተመድቤ መሰላ አካባቢ የደረስኩት በደርግ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት በየገጠሩ ተከፍቶ መጽሐፉ ግን መንገድ ላይ በቀረበት ዘመን ነው። አንደኛ ክፍል አስተምር ተባልኩ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጆቹ አማርኛ አይችሉም፣ እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ በመካከላችን የነበረው አንድ የፊደል ገበታ ብቻ ነው፤ እሱንም ከግርጌው አይጥ በልቶታል። መሃይምነት ይጠፋል እየተባለ ሲዘፈን በሬዲዮ እሰማና በሆዴ፣ «ላም አለኝ በሰማይ» እላለሁ።

ትንሽ ተስፋ የሰጠኝ ኖራ ነበር። ለአብዮት በዓል በባንዲራው ምሰሶ ዙሪያ ያሉትን ድንጋዮች ነጭ ቀቡ ተብሎ የተላከልን ኖራ ተረፈ። ሴቶቹ ልጆች በእረፍት ሰዓት ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፤ ጠጠር ወርውረው በአንድ እግር ከሳጥን ሳጥን ይዘላሉ። ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው። ለምን ባዶ ይሆናሉ ብዬ፣ ፊደሉን ልክ እንደ ገበታው በተርታው ሜዳው ላይ ጻፍኩት። እኔ አንድ ፊደል እጠራለሁ፤ ልጁ ጠጠሩን እዚያ ፊደል ላይ ወርውሮ፣ ያለፈበትን ሁሉ ጮክ ብሎ እየጠራ ይዘላል።

ግቢው ሕይወት ዘራ። ዝናብ ፊደሉን ሲያደበዝዘው አንዲት ልጅ ነበረች፣ ማንም ሳያዛት ዱካውን ተከትላ ደግማ ትቀባዋለች። ዕድሜዋ ከክፍሉ ልጆች ከፍ ይላል። ጠጠሯ ስቶ አያውቅም። «መ» ስል «መ» ላይ ናት፤ «ሩ» ስል «ሩ» ላይ። ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ ዳይሬክተራችን የሚያስዘልለው እሷን ነው። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። እኔም ደረቴ ይነፋል፤ ምን ልሸሽግ፣ በዚያ አገር ደስ ያለኝ እሷ ስትዘል ነበር።

አባቷ ጫት የሚያለማ ገበሬ ነው። የጫቱ ቀጠፋ ሲደርስ መጣና አጥሩን ተደግፎ ሲያያት ቆየ። «አንተ» ይለኛል፤ አማርኛው ያን ያህል ስለሆነ እንጂ ንቀት አልነበረበትም።

«መምህር፣ እኔ የሚሠራ ሰው ነው የቸገረኝ» አለ። «ጫቱ አለ፣ ከብቱ አለ። ልጅቱ ማንበብ ከቻለች ወላሂ አልነካትም፣ ትማር። ካልቻለች ግን እዚህ ምን ትሠራለች? በአንድ እግር መዝለል ቤትም አለ።»

«ትችላለች» አልኩ። ሳላመነታ ነው ያልኩት።

«እንግዲያው የገበያ ቀን አያታለሁ» ብሎ ሄደ።

የገበያው ቀን ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ፊት ተገናኘን። ከበሩ በላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አባትየው ማንበብ ባይችልም የተጻፈውን ሰው ነግሮታል። በዱላው ወደ ሰሌዳው ጠቆመና በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት። ልጅቷ አንጋጣ አየች። እኔ «የ» በይ፣ «የ» በይ እላለሁ በውስጤ።

ቀኝ እግሯ ከመሬት ተነሳ።

በአንድ እግሯ ቆማ፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል፣ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብላ ጀመረች። አንድ ጊዜ ዘለለች፣ ደገመች፣ «ለ ሉ ሊ ላ» አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ፊደሉን አይደለም የምታውቀው፤ ቦታውን ነው። «መ» ማለት ለእሷ ከምሰሶው ወዲህ ያለው ሳጥን ነው። ሜዳው ከእግሯ ስር የለም፣ እሷም የምትደርስበት አጣች። በአጠገባችን ጫት ይገዛ የነበረ ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። አባትየው ትከሻዋን ያዘና እግሯን መሬት አስነካት።

«ጨዋታው ጥሩ ነው፣ መምህር» አለኝ። ሊያሾፍብኝ ብሎ አልነበረም፣ ያ ነው ያናደደኝ። «ንባቡ ነው የቀረው።»

አንድ ወር ስጠኝ አልኩት፤ ፊደሉን አዘበራርቄ እጽፈዋለሁ፣ አሁን ገብቶኛል አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ጫት ወር አይጠብቅም አለ፤ እውነቱን ነው፣ አይጠብቅም። ልጅቷን ይዞ ሄደ። ሰኞ ፊደሉን አጥፍቼ ቦታውን እያቀያየርኩ ጻፍኩ። ልጆቹ ጨዋታችንን አበላሸህብን ብለው አኮረፉ፤ ብዙም ሳይቆዩ እንደ ጥንቱ ባዶ ሳጥን መሬት ላይ ጭረው መዝለል ያዙ። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ። ኖራውም አለቀ፣ ዱካውን ተከትሎ የሚቀባም አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ አሰበ ተፈሪ ተዛውሬ ሳለሁ፣ ለፈተና ጉዳይ ወደ መሰላ ተላክሁ። የገበያ ቀን ነበር። ያቺ ተማሪዬ ልጅ አዝላ፣ ጫቷን እርጥብ ጆንያ አልብሳ፣ ከዚያው ሱቅ በር አጠገብ ተቀምጣለች። አማርኛዋ ገበያ አሠልጥኖት ከአባቷ በልጧል። ጫት ካላስያዝኩህ ብላ ታገለችኝ፤ አልቅምም ብል አትሰማም። ከዚያ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ዝጎ ግማሹ ተልጧል።

«ቲቸር፣ ይሄ ምን ነበር የሚለው?»

«የገበሬ ማኅበር ሱቅ።»

«እሱን ብቻ?»

«እሱን ብቻ።»

ሳቀች። «ሱቅ መሆኑንማ ያኔም አውቅ ነበር» አለች።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለምን ሱቅ ነው አላልሽም? አባትሽ እኮ ይተውሽ ነበር!»

ግራ ገብቷት አየችኝ፤ እንዴት መምህር ሆኖ ይህን ይጠይቃል በሚል ዓይን።

«እሱማ ማንበብ አይደለም» አለች፣ ጆንያዋን ውሃ እየረጨች።