የተባለውን ብቻ

በኮሌጃችን የተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁም ሳጥንና አንድ በደንብ የማይዘጋ መስኮት አለ። አንደኛው ጠረጴዛ የእኔ ነው። የፈተና ሰዓት እመድባለሁ፣ የድምፅ መቅጃ አውሳለሁ፣ ቅጽ ለጠፋበት ቅጽ እሰጣለሁ። ሁለተኛው የእትዬ አራት ነጥብ ነው። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በታይፒስትነት ያገለገለች ሴት ናት፤ ነጥብና ሰረዝ የጎደለው ወረቀት ካየች ምሳዋ አይበላላትም። በዚያ ላይ ክርክር የምትዘጋው «አራት ነጥብ» ብላ ነው። ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት ሰው አላየሁም፣ እኔን ጨምሮ።

ሥራዋ ለተፈታኝ መጻፍ ነው። ዓይኑ የማያይ ወይም እጁ የተሰበረ ተማሪ ሲፈተን እሷ ጥያቄውን ታነብለታለች፣ እሱ ይመልሳል፣ እሷ ትጽፋለች። የመፈተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ «ጸሐፊ የተባለውን ብቻ ይጽፋል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የተየበችውም የለጠፈችውም ራሷ ናት።

እውነቱን ለመናገር ግን እጇ አርፎ አያውቅም። የተማሪ ማመልከቻ ስትጽፍ የተንጋደደውን ታቃናለች፣ የተደጋገመውን ታወጣለች፣ የተረሳውን ትጨምራለች። ተማሪዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ ኃላፊያችንም በስብሰባ ላይ ያመሰግናታል። እኔም አያለሁ፣ ስቄ አልፋለሁ። ይህን የምጽፈው የእሷን ጉድ ለማውጣት እንዳይመስላችሁ። የእኔም እጅ አለበት።

ልብስ ሰፊው እኛ ዘንድ የመጣው አምና ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ቀስ እያለ ሲደክም ቆይቶ ከአራት ዓመት በፊት ጨርሶ ጠፋ። የስፌት መኪናውን ለእህቱ ሰጣትና የአካል ማገገሚያ ረዳትነት ሊማር ተመዘገበ፤ ተሰብረው የተነሱትን፣ ግማሽ ጎናቸው የዛለባቸውን ሰዎች መልሶ ማስኬድ ማለት ነው። ስንት ዘመን የሰው ትከሻና ወገብ ሲለካ የኖረ እጅ ስለሆነ ትምህርቱ አልከበደውም። መጀመሪያ ቀን ጨበጠኝና «ጋሼ፣ ቦርሳዎን ሁልጊዜ በግራ ነው የሚያንጠለጥሉት መሰለኝ፣ ትከሻዎ ወርዷል» አለኝ። እውነቱን ነበር።

እትዬ አራት ነጥብ እንደ ታናሽ ወንድሟ ወደደችው። ደረጃ ሲወጣ ሮጣ ክንዱን ትይዛለች። «እትዬ፣ ያዡ እኔ ብሆን ይሻላል። እርስዎ ሲይዙኝ እንደ ጋሪ እየተገፋሁ ነው» ይላታል። ትስቃለች፤ በማግስቱ መልሳ ትይዘዋለች።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ አምስት የደህንነት ጥያቄዎች አሉ። ከአምስቱ አንዷን የሳተ ተማሪ፣ ሌላውን ሁሉ ቢደፍንም እንኳ፣ ለሆስፒታል ልምምድ አይላክም። የሰው አካል ስለሆነ ቀልድ የለበትም። ከአምስቱ አንዷ እንዲህ ትላለች፦ የግራ እግሩ የደከመ ሰው ከዘራውን በየትኛው እጁ ይይዛል? ልብስ ሰፊው «በቀኝ» አለ።

እትዬ አራት ነጥብ ይህን ጉዳይ በደንብ የምታውቀው መሰላት። እናቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ስድስት ዓመት በከዘራ ሄደዋል። ከዘራውን የገዛችው እሷ ናት፣ በታመመው እግራቸው በኩል ያስያዘቻቸውም እሷ ናት። እናትየው ወደ ሌላው እጅ ሲያዞሩት «እማዬ፣ በታመመው በኩል ነው፣ አራት ነጥብ» እያለች ትመልስላቸው ነበር። እና ልብስ ሰፊው በድካም ገልብጦ የተናገረ መስሏት «በግራ» ብላ ጻፈች።

ያን ቀን ወደ ቢሮ ስትመለስ ፊቷ በርቷል።

«ዛሬ አንድ ሰው ከገደል አፋፍ መለስኩ» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ያ ልጅ ደክሞት አንዷን አዙሮ ተናገራት። አቃናሁለት።»

«አውቋል?»

«ምን ብዬ ልንገረው? ይሳቀቃል።»

«ጎሽ» አልኳት። ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ማስታወስ እችል ነበር። ጎሽ ብዬ ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ልብስ ሰፊው ነጩን ዘንጉን እያስቀደመ፣ ራሱ በደህናው ጊዜ የሰፋውን ኮት ለብሶ ገባ። ወንበር ስስብለት አልተቀመጠም።

«የማቋረጫ ቅጽ ፈልጌ ነበር። እትዬ ቢሞሉልኝ።»

«ምን ሆነህ ነው የምታቋርጠው?» አለች፣ ብዕሯን አንስታ።

«ወደቅኩ እኮ እትዬ። የከዘራዋ ጥያቄ ናት የጣለችኝ። መምህሯ ወረቀቱን አነበበችልኝ፣ በግራ ይላል። እኔ በቀኝ ያልኩ ነበር የመሰለኝ። እርስዎ የጻፉት ግን ያልኩትን ነው፣ አፌ ከድቶኛል ማለት ነው።»

እትዬ አራት ነጥብ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«አንዴ መሳሳት አለ እኮ» አለች። ድምፅዋ ሳስቷል። «ድጋሚ ትማራለህ።»

«ለመድገሙማ እደግም ነበር። ይህን ነገር ለክፍሉ ልጆች የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ሌሊት ብትቀሰቅሱኝ የምመልሰው ነገር ነው። የዓይኔን መጥፋት ለመድኩት። ከአፌ የወጣውን የማላውቅ ከሆንኩ ግን በሽተኛ በእኔ እጅ መሆን የለበትም።» ቅጹን በጣቱ ዳበሰው። «ምክንያት የሚለው ላይ ‹ራሴን ማመን ስላቃተኝ› ብለው ይጻፉልኝ።»

«ራሴን» ብላ ጻፈች። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። እኔ ያን ጊዜ ለመናገር ሰፊ ጊዜ ነበረኝ። መሳቢያ ከፍቼ የማልፈልገውን ወረቀት እፈልጋለሁ።

«በቀኝ ነው ያልከው» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«በቀኝ ብለሃል። በግራ ያልኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትክ መስሎኝ ለወጥኩት።»

ይጮሃል ብዬ ነበር። ቢጮህ እንዴት በተገላገልን። ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ «ስንቱን ነው የነኩት?» አላት።

«እሷን ብቻ።»

«በሌላው ፈተናስ? በመንፈቁ?»

«አንዳንድ ቃል… ለማሳመር ያህል። አላስታውሰውም።»

«እንግዲያው ያኔ ያገኘሁት ውጤትም የማን እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው።»

እንባዋ መጣ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለች። እሱ ወንበሩን በእግሩ ፈልጎ ተቀመጠና «ሌላ ወረቀት ያውጡ፣ ይጻፉልኝ» አላት። ለመጻፍ የተመደበችው እሷ ብቻ ስለሆነች እንጂ እሷን እንደማይመርጥ ግልጽ ነበር፤ እኔም ልጻፍልህ አላልኩም።

ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ቀስ ብላ ጻፈች። ሲያበቃ «ያንብቡልኝ» አላት። አነበበች።

«ለኮሌጁ ኃላፊ ለከዘራው ጥያቄ በቀኝ እጅ ብዬ መልሻለሁ ጸሐፊዋ ሳይነግሩኝ መልሴን ለውጠውታል ሌላ ሰው እየጻፈልኝ ድጋሚ እንድፈተን እጠይቃለሁ»

ወረቀቱን ተቀበላት። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ጠረጴዛ አዞረ።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«እርስዎም ያንብቡልኝ እስቲ።»

በክፉ ልብ አላለውም፤ የከፋውም ይኸው ነው። ተነሥቼ ተቀበልኩት። አጠገቧ ቆሜ፣ አንገቷን እንደደፋች፣ በራሷ እጅ የተጻፈውን የራሷን ጥፋት ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም። ነጥብም ሰረዝም የለውም፣ አላላትማ። ክሱ ላይ እንኳ አንቱ ብሏታል። «እኔም አውቅ ነበር» የሚለውን እኔም አልጨመርኩም። ያን ቀን ስላልተናገርኩት ነው ዛሬ የምጽፈው።

«እንዳልኩት ነው» አለ። ጣቱን መስመሩ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ፈረመ። በሳምንቱ እንደገና ተፈትኖ አልፏል። የጻፍኩለት እኔ ነኝ። እያንዳንዷን መልስ መልሼ እንዳነብለት ጠየቀኝ፣ አነበብኩለት፤ እሷን አንድም ቀን እንዲህ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ማመልከቻውን በፈረመበት ዕለት ግን ሊወጣ ሲል እትዬ አራት ነጥብ ጠራችው።

«ከዘራው ለምንድን ነው በደህናው በኩል የሚያዘው?»

በሩ ጋ ቆመ። ሄዶ ቢሆን ማንም አይፈርድበትም ነበር። ተመልሶ መጣና ነጩን ዘንጉን በቀኝ እጁ ተመረኮዘ። «ግራዬ የታመመ ነው እንበል። ግራዬን ስሰነዝር ከዘራዋ አብራ ትወጣለች፣ ክብደቱን ትካፈላለች።» አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ዘንጉን ወደ ግራ አዛወረ። «በታመመው በኩል ከያዝኩት ግን ሰውነቴ ሁሉ ወደዚያው ያዘነብላል። የታመመው እግር የባሰ ይሸከማል። ሰውየው ይደክማል፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል።»

እትዬ አራት ነጥብ ሳይሞላ የቀረውን የማቋረጫ ቅጽ ታያለች። «ራሴን» የምትለዋ ቃል ብቻዋን አለች።

«እናቴ ትወድቅ ነበር» አለች። «ስድስት ዓመት ሙሉ። ወደ ሌላው እጇ ስታዞረው እኔ ነኝ የምመልስባት።»

ልብስ ሰፊው ዘንጉን አጠፈ። «እርስዎ አላወቁማ፣ እትዬ» አላት።

«አልጠየቅኋትም» አለች። «ለምን ታዞሪዋለሽ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።»