አያ ታከለ ገደሉን ያሻገሩኝ ቀን

አያ ታከለ አረፉ ይላል ስልኬ ላይ የመጣው መልእክት። የባሌ ታላቅ ወንድም፣ አያ ታከለ።

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ለብቻዬ ስለሆነ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ስልኩን ለጎረቤቴ ሰጥቼ "እስቲ አንቺ አንብቢው" አልኳት። አነበበችው። ያው ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለውኝ ነበር እኮ!

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ዳባት ገበያ ላይ ሲቀልዱ ነው። እኔ አንድ የጥር ቀን ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዘመድ ልጠይቅ ደባርቅ ወጥቼ ነበር፤ ቤታችን ከታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው። አያ ታከለ ውርጩ ሳይነሳ መጡና "ወንድሜን ትንሽ አሞታል፤ ተነሽ እንውረድ" አሉኝ።

በጦርነቱ ምክንያት መኪና ቆሟል። በገደሉ መንገድ ወረድን። የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

መንገዱ በቀዩ አሸዋማ ድንጋይ ወገብ ላይ የተለጠፈ ነው። ሲረግጡት ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ወደ ወንዙ ሲወርድ ድምፁ እንኳ አይሰማም። እሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ ያስቁኛል። "ወንድሜ እንደሆነ ጉንፋን ሲይዘው ቄስ ጥሩልኝ የሚል ነው!"

መንገዱ እጅግ የጠበበበት ላይ ስንደርስ አንዲት የሰፈራችን ሴት ሽቅብ መጣች። ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ፣ ልጄን..."

"ምን ሆነሻል አንቺ? እለፊ፣ መንገድ አትዝጊ!" ብለው ጮኹባት።

ሴትዮዋ ግድግዳውን ታክካ አለፈች። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

"አያ ታከለ፣ አለ?"

"ማን፣ እሱ? እንዲህ ስትንቀጠቀጪ ቢያይሽ የሚገድለው እኔን ነው።"

ኩታቸውን አውልቀው ወገቤ ላይ አሰሩት፤ ጫፉን በክንዳቸው ጠመጠሙ። "እግርሽን እይ። ሌላውን እኔ አይልሻለሁ።" ይህን አባባላቸውን የማያውቅ ዘመድ የለም።

አልጮህኩም። ብጮህ በሆዴ ካለው ጋር ሦስታችንም ገደል እንደምንገባ ገብቶኛል። ውሸታቸውን ጨብጬ እግር እግሬን እያየሁ አለፍኩ።

ወንዙን ስንሻገር ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። ባሌ አዲ አርቃይ መንገድ ላይ ተኩስ መሃል ገብቶ ሞቷል።

በእኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ቤት ተደርሶ፣ ዘመድ ከቦ ነው። አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ደረታቸውን እየመታሁ፣ አንቱ የምላቸውን ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "አንተ ውሸታም! ስታስቀኝ ዋልክ!" አልኳቸው።

ኩታውን ከወገቤ ፈቱልኝና ከቤቱ ጀርባ ዞሩ። ከዚያ ነው "ወንድሜን! ወንድሜን!" የሚል ድምፅ የሰማነው። ለካ ቀኑን ሙሉ ሀዘኑ የእሳቸውም ነበር። እኔን ቤት እስኪያደርሱ ድረስ አላለቀሱም።

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። እሳቸውም አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም። በሆዴ የነበረችው ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ አባቴ የምትለው እሳቸውን ነበር።

አያ ታከለ፣ ይቅር ይበሉኝ። መንገዱ ሰፊ ይሁንልዎ። ወንድምዎን ሲያገኙት ስለ እኔ ይጠይቅዎታል። ደህና ናት፣ ልጅህም ደህና ናት ይበሉት።

ይሄኛው ውሸት አይደለም።