የሺአረግ ደንበኛዋን ፍለጋ የወጣችበት እሑድ

ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ የየሺአረግን አረቄ ቤት የማያውቅ የባቡር ሠራተኛ አልነበረም። ባሏ ወታደር ነበር፤ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ወደ ጅጅጋ ግንባር እንደ ዘመተ አልተመለሰም። እሷም የሰው እጅ ከማይ ብላ አረቄ ማውጣት ጀመረች።

ሥራው መቅመስ ይጠይቃል። ሲወርድ ትቀምሳለች፣ ስትቀዳ ትቀምሳለች፣ ደንበኛ "ብቻዬን አልጠጣም" ሲላት አብራ ትጠጣለች። እያደር ግን ማንም ሳይመጣ፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ አንድ መለኪያ ካልጠጣች እጇ ክብሪት መጫር የማይችል ሆነ። ጎረቤቶቿ ነገሩን ያውቃሉ፤ አፍ አውጥቶ የተናገራት ግን የለም። የዕድሩ ሴቶች ብቻ ለቅሶ ቤት ወጥ ልትሠራ ስትነሣ "አንቺ አረፍ በይ" ይሏት ጀመር። ያ አቆሰላት። ቁስሉን የምታስታግሰውም በዚያው በአረቄው ነበር።

በዚህ መሃል ዘገዬ ጠፋባት። ዘገዬ የባቡር ጋራዥ በያጅ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነበር። ታሞ እንደሆን ብትጠይቅ፣ "ኧረ ደኅና ነው። እሑድ እሑድ ከወንዙ ማዶ መጋላ ሰፈር፣ ሱሌማን ልብስ ሰፊው ግቢ ከሰዎች ጋር ይቀመጣል" አሏት። ደሟ ፈላ። መጋላ ውስጥ ሌላ አረቄ ቤት ተከፍቶ ደንበኛዋን የወሰደባት መሰላት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለድፍረት ትንሽ ቀምሳ፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግራ ሄደች። ግቢው ስትገባ ጥቂት ሰዎች ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ግን የሱሌማን ሚስት ዚነት ከቡና ገለባ በወተት ያፈላችው ሆጃ እንጂ ጠርሙስ አልነበረም።

"ዘገዬ! ምን በደልኩህ?" አለች እንደ ቆመች።

ዘገዬ አንገቱን ደፋ። "የሺዬ፣ አንቺ ምንም አልበደልሽኝም። መጠጥ ትቼ ነው።"

"ከተውክ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"እንዳልመለስበት ነዋ የምመጣው።"

ሱሌማን ከቦታው ተነሥቶ አስጠጋት። "አቦ፣ ቁጭ በይ እንጂ እቴ! ጠቡም ቢሆን ተቀምጠሽ ይሁን" አላት። ዚነት ሆጃ ቀዳችላት።

ሱሌማን ለዓመታት ተደብቆ ሲጠጣ የኖረ ሰው ነው። ሙስሊም ሆኖ ለማን ይናገር? መስጊድ መግባት አፍሮ ቀርቶ ነበር። ከዘገዬ ጋር የተዋወቁት ክሊኒክ ተራ ሲጠብቁ ነው። "ሐኪሙ ሁለታችንንም ተዉ አለን፤ እንዴት እንደሚተው ግን አልነገረንም" ይላል። ስለዚህ ሥራ በሌለበት ቀን፣ እግር ወደ መጠጥ ቤት በሚያመራበት ሰዓት አብረው መቀመጥ ጀመሩ። ሌሎችም ተጨመሩ። ዘመኑ ሰው ግቢ ውስጥ በተሰበሰበ ቁጥር የሚጠየቅበት ስለነበር ሱሌማን ራሱ ቀበሌ ሄዶ አስፈቀደ።

"ስለ ምንድነው የምትሰበሰቡት?" አለው ሊቀመንበሩ።

"ስለ መጠጥ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ሊቀመንበሩ ሳቀ። "ስለ መጠጥ ብቻ ከሆነ ተሰብሰቡ። ሌላ ነገር እንዳልሰማ!"

በዚያ እሑድ እያንዳንዱ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ተናገረ። ዘግይቶ መጥቶ ከየሺአረግ ጀርባ የተቀመጠውና ፊቷን ያላየው የጭነት መኪና ሾፌሩ ፋራህ ተራው ሲደርስ፣ "ወላሂ፣ ከሁሉ የሚከብደኝ በየሺአረግ በር ማለፍ ነው" አለ። "ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው።"

ዘገዬ ሳል ሳል አደረገው። ፋራህ አልገባውም።

"እኔው እዚህ ነኝ" አለች የሺአረግ ወደ እሱ ዞራ።

እሷም ብርጭቆዋን እያየች፣ "እኔንም ያ በር ነው ያቃተኝ። ቤቴ ነዋ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የት አልፋለሁ?" አለች።

ልትሄድ ስትነሣ ሱሌማን፣ "ዛሬ ጠጥተሻል?" አላት።

"ስመጣ።"

"ይሁን። በሚመጣው እሑድም ነይ፤ ጠጥተሽም ቢሆን ነይ።"

ሄደች። ለብዙ ጊዜ ጠጥታ ነበር የምትሄደው። በኋላ አንድ ቀን በድንገት ብትተወው መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ የሌለ ሰው እያየች ጮኸች። ክሊኒክ ወስዳ ያስተኛቻትና ያስታመመቻት ዚነት ናት። ስትድን የአረቄ ማውጫ ዕቃዋን ለጎረቤቷ ሸጠችው። ዕቃው ሌላ ቤት ገብቶ ምን እንደሚሠራ ታውቃለችና ደስ አላላትም፤ ግን ሸጠችው። ጠዋት ጠዋት ለባቡር ሠራተኞች ፉል መሥራት ያዘች። እንደ አረቄው ገበያ የለውም። ፋሲካ ደርሶ ሰዉ ሁሉ ሲጠጣ እሷም ተመልሳ ጠጣች፤ እሑድ እንደምንም ሄዳ እያለቀሰች ተናገረች። ማንም አልገሠጻትም።

ፋራህ ግን ቡድኑን ትቶ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወጣ። በመጨረሻ ጉበቱ ገደለው። ወንዶቹ ወደ ቀብር ሲሄዱ የሺአረግ ቤቱ ገብታ ከሚስቱ ከሃሊሞ አጠገብ ተቀመጠች። ምን እንደምትል ጨነቃት። ፋራህ ስንት ጊዜ ከእጇ ተቀብሎ እንደጠጣ እሷ ታውቃለች።

ሃሊሞ በተሰባበረ አማርኛ፣ "አንቺ ማነሽ?" አለቻት።

"ከሱሌማን ግቢ ነኝ።"

ሃሊሞ እጇን ያዘች። "እዚያ ሲውል በእግሩ ነበር የሚመጣ። ሰው ተሸክሞት አይመጣም። ልጆቹን በስማቸው ይጠራ ነበር" አለች።

የሺአረግ ለፋራህ አረቄ ትሸጥለት የነበረችው እሷ መሆኗን ልትናዘዝላት አፏን ከፈተች፤ ሃሊሞ ግን እጇን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። ነገሩን ለሌላ ቀን ተወችውና ለቀስተኛው እስኪበተን አጠገቧ ተቀመጠች።