የክፉው እናት

ሬስሊንግ ድራማ ነው የሚለኝ ሰው በሕይወቴ አጥቼ አላውቅም። ሰፈር ውስጥ ነበረ፣ ትምህርት ቤት ነበረ፣ ካምፓላ ስመጣም ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። በመጨረሻም አገባኋት።

«ሁለት ጎረምሳ በቁምጣ ሲተቃቀፍ ለማየት እንቅልፍ የሚያጣ ባል ከአንተ በቀር አላየሁም» ትላለች ባለቤቴ። እኔም መልስ አላጣም። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ታለቅሳለች። ባሏን ራሷ መርጣ፣ ቀሚሷን ራሷ አስለክታ፣ ቀኑ አልደርስ ብሏት የከረመች ልጅ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ከሰርገኛው መሀል አንዱ ተነስቶ «ኧረ ይሄ ድራማ ነው!» ሲል የሰማ አለ? ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አብሮ ያለቅሳል። ሬስሊንግም እንደዚያው ነው እላታለሁ። እሷም «እኔ ሳላለቅስ ነው የወጣሁት፤ ማልቀስ የነበረብኝ አሁን ነው» ትለኛለች።

ይሄን ፍልስፍና የደረስኩበት ግን ካደግኩ በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ሁሉንም አምን ነበር። ጉለሌ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ካሴቱ ከመታየት ብዛት ስላረጀ ትግሉ ሁልጊዜ ዝናብ ውስጥ የሚካሄድ ይመስለን ነበር። አክተሩ ከገመዱ ላይ ዘሎ ወንበዴው ደረት ላይ ሲያርፍ አይቼ፣ እኔም ከጎረቤታችን የዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ ዘልዬ ገለባ የተሞላ ጆንያ ላይ አረፍኩ። ጆንያው ምንም አልሆነም። ወጌሻው ክንዴን እያሸ «ማን ነው የመታህ?» ቢለኝ፣ እንባዬን እየዋጥኩ «ማንም፤ እኔ ነኝ ያሸነፍኩት» አልኩት።

ካምፓላ የመጣሁት በስደት ነው። አመጣጤ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም። በፈረንጆቹ ሃያ ሃያ ከተማው በኮሮና ተዘግቶ ሁላችንም ቤት ስንውል፣ ቡኮቶ ሰፈር ባለች አንድ ክፍላችን ውስጥ አልጋ ላይ ተጋድሜ የድሮ ግጥሚያዎችን በስልኬ እየደጋገምኩ አየሁ። ባለቤቴ ከበሽታው ይልቅ የእኔ ስልክ ድምፅ እንደሚገድላት ትናገር ነበር። ክልከላው ትንሽ ላላ ሲል አንድ የጥበቃ ድርጅት በቁመቴ ቀጠረኝ። ኃላፊው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ እዚህ አገር እንደሚባለው ሁላችንም አፋንዴ እንለዋለን። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ተደባድበህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ብዙ አይቻለሁ» አልኩት።

ትሕትና መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ሶፋ ጠበቅኩ። የቤት ዕቃ መሸጫ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሶፋ የሚገዛም የሚሰርቅም አልነበረም። ሃያ ሃያ ሁለት ገብቶ አገሩ ሲከፈት፣ አፋንዴ አንድ ቀን ሰብስቦን «የትግል ትርኢት የምንጠብቀው አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፤ ማን...» ከማለቱ እጄ ጣሪያ ሊነካ ደርሶ ነበር።

አዳራሹ ኦልድ ካምፓላ፣ ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል፣ በጅምላ ሱቆች መሀል ነው። አዘጋጁ ድሮ የሰርግ ድንኳን ያከራይ የነበረ ሰውዬ ነው። ሰርግ ሲከለከል የድንኳኑን ብረት አስቆርጦ የትግል መድረክ አሠራበት። ከሰርግ ወደ ሬስሊንግ መሻገሩ እንዳልከበደው ሲነግረን እኔ ብቻ ነበርኩ ያልተገረምኩት። በር ላይ ሙቀት የሚለካ ሽጉጥ የመሰለ ነገር የያዘች ልጅ ቆማለች። መሣሪያው ቁጥሩን ከማሳነሱ የተነሳ ሁላችንንም ሬሳ ነበር የሚያደርገን፤ እሷ ግን ቁጥሩን አይታ «ደህና ነህ፣ ግባ» ትላለች።

የእኔ ቦታ ከኋላ ነበር፤ ተጋጣሚዎቹ በሚለብሱበት ክፍልና ወደ መድረኩ በሚያወጣው መጋረጃ መሀል ያለች ጠባብ ኮሪደር። የአፋንዴ መመሪያ አንድ ነው፦ ጀርባህን ለትግሉ፣ ፊትህን ለሰው። ዕድሜ ልኬን የተመኘሁት ነገር ከጀርባዬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሊካሄድ ነው፣ እኔ ደግሞ የተላጠ ግድግዳ ሳይ ልውል ነው።

ልብስ መቀየሪያው በአዘቦት ቀን ሕፃናት የሚማሩበት ክፍል ስለሆነ እነዚያ ግዙፍ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ በትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። አክተሩ፣ ማለትም ጀግናውን የሚጫወተው፣ የጂም አሠልጣኝ ነው። ለሰውነቱ የሚቀባው ዘይት አልቆበት የምግብ ዘይት ተቀብቷል፤ ባለፈ ቁጥር የተጠበሰ ዓሣ ያምረን ነበር። ዘበኛን ሰላም አይልም። ክፉውን የሚጫወተው ግን ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። እንደምን ዋልክ ሴቦ (ጌታዬ ማለቱ ነው)፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሥራ እንዴት ይዞሃል፣ ብሎ የአገሩን ሰላምታ ሳያጓድል ጨርሶ ፊቱን ጥቁርና ቀይ ወደ መቀባቱ ተመለሰ።

«እንዴት ክፉ ሆንክ?» አልኩት፤ ሌላ የምጠይቅበት መንገድ ስላልመጣልኝ።

«መዋዕለ ሕፃናት ነው የማስተምረው» አለ። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ አጣሁና አዘጋጁ ፊቴን አይቶ ወሰደኝ። አሁንማ ትምህርት ተከፍቷል፣ ሕፃናቱ ተመልሰዋል። ግን ይሄን መተው አቃተኝ። ሳምንቱን ሙሉ ደግ መሆን ያደክማል።»

ከዚያ አክተሩ መጣና ተመካከሩ። «በግራ ነው የምትጥለኝ፣ እሺ?» አለ አክተሩ። «እሺ። ጉልበትህስ፣ ባለፈው ያሳመምኩህ?» «ተሻለው፣ ተመስገን።» ነገሩን ለዘመናት ባውቀውም በጆሮዬ ስሰማው ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። ሙሽራዋ ከማልቀሷ በፊት በመስታወት ስትለማመድ እንደመያዝ ነው።

ትግሉ ተጀመረ። ከጀርባዬ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አክተሩን «ያን ክፉ ግደለው! ግደለው!» ይለዋል። እኔ ግድግዳዬን አያለሁ። በዚህ መሀል በጓሮ በር አንዲት አጭር እናት ገቡ። ትከሻው ቀንድ መስሎ የቆመ፣ ጎሜሲ የሚባለውን የአገሩን ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በሚያብረቀርቅ መቀነት ታጥቀው፣ በአንድ እጃቸው ቦርሳ በሌላው ጃንጥላ ይዘዋል። የአፍ መሸፈኛቸው አገጫቸው ላይ ነው።

«ልጄን እዚህ ውስጥ ይደበድቡታል አሉኝ» አሉ።

ገበያ ውስጥ በለቀምኩት የአገሩ ቋንቋ፣ በሉጋንዳ፣ «ልጅዎ የትኛው ነው ማማ?» አልኳቸው።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጃንጥላቸው ነኩት። ሥዕሉ ላይ ክፉው አፉን ከፍቶ ሊነክሰን ነው። «ይሄ። ፊቱን ምን እንዳደረጉት ተመልከት! ጥርሱ ግን የአባቱ ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ልጃቸው በድምፅ ማጉያ ሲያቃስት ተሰማ። እኔም ምን ነካኝ ሳልል አፌን ከፍቼ «ማማ፣ አይጨነቁ፤ የእውነት አይደለም። ድራማ ነው» አልኩ። ይሄን ቃል ስላሉ ከስንት ሰው ጋር ተጣልቻለሁ! አሁን በዩኒፎርም፣ በሥራ ሰዓት፣ ከራሴ አፍ ወጣ።

እናትየው አስተዋሉኝ። «የእውነት ካልሆነ አንተ ምንድን ነው የምትጠብቀው?»

«ሰው እንዳይገባ ነው።»

«ሰው ቢገባ ምን ይሆናል? ድራማ አይደለም እንዴ?»

አፋንዴ በሥልጠናው ይሄን ጥያቄ አላነሳልንም። ከወዲያ አንድ ሰው ሲወድቅ ሕንፃው ተናጋ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ጣውላው ነው ማማ። ሥሩ ባዶ ስለሆነ ነው የሚጮኸው።»

«ጣውላው ላይ የወደቀው ማን ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ እሳቸው ወደ መጋረጃው አመሩ። እጆቼን ዘርግቼ መንገዱን ዘጋሁ፤ ግን እናትን በምን ይይዟታል? ክንዳቸውን ብይዝ ነውር፣ ወገባቸውን ብይዝ የባሰ ነውር። ስደነጋገር በብብቴ ሥር ሾልከው ሄዱ።

ተከትያቸው መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። አክተሩ አንድ እግሩን ክፉው ደረት ላይ አድርጎ፣ ጡንቻውን ለሕዝቡ እያሳየ ቆሟል። እናትየው ቦርሳቸውን ለዳኛው አስይዘው፣ ጎሜሲያቸውን ሰብሰብ አድርገው በገመዱ መሀል ገቡና የአክተሩን ጀርባ በጃንጥላ አሉት። ዞረ። ሊያገሳ የከፈተው አፉ፣ እናት መሆናቸውን ሲያይ፣ አስተዳደጉ ቀደመውና «እንደምን ዋሉ ኛቦ» አለ፣ እመቤቴ እንደማለት። ሰላምታውን ሳይመልሱ ደገሙት። ወደ ኋላ ሲሸሽ የገዛ ዘይቱ አዳለጠው፣ እግሮቹ ሰማይ አይተው በጀርባው ተዘረረ። ይሄኛው አወዳደቅ በምክክሩ ላይ አልነበረም።

ክፉው ቀና ብሎ በቀጭን ድምፅ «ማማ፣ እባክሽ ውረጂ፣ ሰው እያየን ነው» አለ። ድምፅ ማጉያው ይሄንንም ለአዳራሹ አዳረሰው። ከዚያ እነዚያው «ግደለው» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ወንበር ላይ ቆመው «ማማ! ማማ!» ማለት ጀመሩ።

እኔም ወደ መድረኩ ወጣሁ። የወጣሁት ላወርዳቸው ነው፤ ሥራዬ ነው። ግን መብራቱ ፊቴ ላይ ሲያርፍ፣ ሕዝቡም የትርኢቱ አካል መስዬው ሲጮህልኝ፣ ቀኝ እጄ በራሷ ጊዜ ወደ ላይ ወጣች። ብዙም አልቆየች። እናትየው ትከሻዬን በጃንጥላው አገኙኝ። አዳራሹ ፈነዳ። ዳኛው የሚያደርገው ቢጠፋው፣ ቦርሳውን በብብቱ እንደያዘ፣ ሲጨንቀው የሚያውቀውን አንድ ነገር አደረገ፤ የተዘረረው አክተር ላይ አንድ፣ ሁለት እያለ መቁጠር ጀመረ። አክተሩ ሳይነሳ ቆጠራው አለቀ፤ ክፉው አሸነፈ።

ከኋላ ስንመለስ አፋንዴ አፍንጫዬ ሥር ቆመ። «አንዲት አሮጊት አለፈችህ?»

«አልፈውኛል ጌታዬ።»

አዘጋጁ እየሮጠ ደረሰ። የሥራዬ መጨረሻ ነው ስል፣ ገና የማያባራውን ጭብጨባ አዳመጠና አፋንዴን «ተወው፤ እኔ ነኝ እንደዚህ እንዲሆን ያዘዝኩት» አለው። ትንሽ ቆይቶ ራሱም ያመነው መሰለኝ።

እናትየው ልጃቸውን ትንሹ ወንበር ላይ አስቀምጠው በመሐረብ ቀለሙን ይጠርጉለታል።

«ያ ልጅ ምን አድርገኸው ነው?»

«ጓደኛዬ ነው ማማ።»

«ጓደኛህ ለምን ይረግጥሃል?»

«ሥራው ነው።»

«አባትህም ስለ አለቃው እንደዚሁ ይለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ በረዶ ጭንቅላቱ ላይ ወደያዘው አክተር ዞረው፣ እብጠቱን ዳሰስ አድርገው፣ «ዘይቱን ተው ልጄ፣ ይጥልሃል» ብለው መከሩት።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ስቃ ስቃ ልትሞት ደረሰች። ትከሻዬን አይታ «እንግዲህ ይቅርታ፣ ይሄስ የእውነት ነው» አለችና ቅባት ልትፈልግ ተነሳች።

አዘጋጁ ለሚቀጥለው ትርኢት እናትየውን ሊጋብዝ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ልጃቸው የማይረገጥ ከሆነ እንደሚመጡ ነገሩት። እናቱ ፊት ለፊት የተቀመጡለትን ሰው ማን ይጠላዋል? ክፉው ደግ ሆነ። አክተሩ ክፋት ተሰጠው፤ አልሆነለትም፣ አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ከረመ። እኔ ከኮሪደሩ ተነስቼ መድረኩ ሥር፣ እናትየው አጠገብ፣ ወንበር ላይ ተመደብኩ። የተሰጠኝ ሥራ ለመነሳት ሲሞክሩ ማስቀመጥ ነው።

አልተነሱም። የተቆላ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልለው አምጥተው ነበርና ለእኔም እየዘገኑ ሰጡኝ። አንዱ በወደቀ ቁጥር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄስ?» ይሉኛል፤ «ድራማ ነው ማማ» እላለሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ልጃቸው ከገመዱ ላይ ክፉኛ ወደቀና ሳይነሳ ቆየ። ሳላስበው ብድግ ብዬ ቆምኩ።

እናትየው ቀበቶዬን ይዘው ወደ ታች ሳቡኝ። «ተቀመጥ ልጄ፣ ከኋላ ያሉት እኮ አያዩም።»